ድምፅሽን ስጪን፣ ፊትሽን ተይው

ምራቴ ሮዌና ስትስቅ ሦስተኛው ጎረቤት ድረስ ይሰማል። ልጄ ጆንግዱ ከፊሊፒንስ፣ ከኢሎኢሎ ያመጣት ሰሞን የመንደሩ ውሾች ይጮሁባት ነበር፤ አሁን ለምደዋት ጆሯቸውን እንኳ አያነሱም። እኔም ለምጃታለሁ። እንዲያውም ሳትስቅ የዋለች ቀን አሟት ይሆን ብዬ ግንባሯን እዳስሳለሁ።

አገሯ ሳለች ለዓመታት እንግሊዝኛ ያስተማረች፣ ዲግሪዋን በመስታወት አስገብታ በሻንጣ ይዛ የመጣች ልጅ ናት። እኛ ጋ፣ በወደብ ከተማችን ቶንግዮንግ፣ ግን ብርድ ሲገባ ዲግሪ የሚጠይቅ የለም፤ ቢላዋሽን ያዢና ነይ ነው። ኦይስተር የምንለው ባለ ዛጎሉ እንስሳ ከባህር ይወጣል፣ ሴቱ ሁሉ የላስቲክ ሽርጥና ቦቲ አጥልቆ ሼዱ ውስጥ ይደረደራል፣ ዛጎል እየከፈተ ሥጋውን ሲያወጣ ይውላል። ሮዌናንም ከጎኔ አቆምኳት። ጎበዝ ነበረች ካልኩ ዓይኔን ግንባር ያድርገው። ከምትከፍተው ዛጎል የምትቀደው ጓንት ይበልጥ ነበር።

«የጆንግዱ እናት፣ ይቺ እጅ እኮ ለጠመኔ የተፈጠረች ናት» ይሉኛል የሼዱ ሴቶች።

«ታዲያ ጠመኔ ስጧታ!» እላቸዋለሁ።

የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በራሷ ፊት፣ በራሷ ስም ተማሪ ፊት መቆም። እኔም የምፈልገው ነገር ነበረኝ፣ ልናገረውና ይውጣልኝ። መንደራችን ውስጥ የአንዱ ሰው ልጅ ፈተና ሲያልፍ ወይም ደህና ሥራ ሲይዝ፣ መግቢያው ላይ ከምሰሶ ምሰሶ ትልቅ ባነር ይወጠርለታል። «እንኳን ደስ አለን! የእገሊት ልጅ እንዲህ ሆነ» ይላል። የደረቅ ዓሣ ነጋዴዋ የወንድሟ ልጅ ፖሊስ ሲሆን ተወጥሮለታል። የጎረቤቴ ልጅ ነርስ ስትሆን ተወጥሮላታል። የእኔን ቤት ስም ግን አንድም ቀን ነፋስ ነክቶት አያውቅም። ቅናት ነው ካላችሁኝ አዎ፣ ቅናት ነው።

በእኛ አገር ፎቶ የሌለው የሥራ ማመልከቻ አይታይም። ስለዚህ ሮዌናን ለልጄ ሠርግ የገዛሁትን ሰማያዊ ኮት አልብሼ ፎቶ ቤት ወሰድኳት። ፎቶ አንሺው «ጥርስሽን አታሳዪ፣ ኮስተር በይ» ሲላት ጭራሽ ፍርስ አለች። ሰውዬው ተስፋ ቆርጦ እንደሳቀች አነሳት።

ያንን ፎቶ ይዛ ሥራ ፍለጋ ወጣች። የመጀመሪያው የእንግሊዝኛ ማዕከል ያለችው ሴትዮ ፎቶውን አየችና፣ «መምህርቷ መቼ ነው የምትመጣው?» አለቻት።

«መምህርቷ እኔ ነኝ።»

«አይ፣ ፈረንጇን ማለቴ ነው» ብላ ፎቶውን መለሰችላት።

ሁለተኛው ዘንድ ደግሞ ገና በሩን ስትከፍት «የጽዳት ሠራተኛ የምንቀጥረው ነገ ነው» አሏት። እኔ ይህን ስሰማ እሳት ጎርሼ እሳት ለብሼ ተነሳሁ፤ የኦይስተር ቢላዋዬን እንደያዝኩ መንገድ ልወጣ ስል ጆንግዱ ወገቤን ይዞ አስቀረኝ። እሷ ሆዬ ወለሉ ላይ ተንከባልላ ትስቃለች። «እማማ፣ ቢላዋውን አስቀምጡትና ሂዱ!» ትለኛለች።

ሦስተኛው «ሎንደን ኮከብ» የሚባለው ነው። ባለቤቱ ዳይሬክተር ሜንግ ሎንደንን የሚያውቃት በግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ነው። በስልክ አነጋግሯት በደስታ አበደ። «እንዲህ ዓይነት እንግሊዝኛ ሰምቼ አላውቅም! አሁኑኑ ነይ!» አላት። እሷም ክንፍ አውጥታ ሄደች። በሩ ላይ ሲያያት ግን ፊቱ እንደ ቆየ ሾርባ ቀዘቀዘ። ፎቶውን ተቀብሎ ጥግ ጥጉን እያጠፈ እየዘረጋ፣ እያጠፈ እየዘረጋ፣ መልሶ እጇ ላይ አስቀመጠላትና እንዲህ አላት፦

«ድምፅሽ ወርቅ ነው። ፊትሽ… በእኔ በኩል ምንም አይደለም። እናቶቹ ናቸው። እነሱ ፈረንጅ ነው የሚፈልጉት። ለምን እንዲህ አናደርግም? ድምፅሽን ስጪን፣ ፊትሽን ተይው።»

ነገሩ የስልክ ትምህርት ነው። ተማሪው ማታ ማታ ቤቱ ሆኖ ለአሥር አሥር ደቂቃ ከአስተማሪው ጋር በስልክ እንግሊዝኛ ያወራል። ሮዌና «ቲቸር ግሬስ» ተብላ እንድትደውል፣ ማን እንደሆነች እንዳትናገር፣ ማዕከሉ አካባቢም እንዳትታይ።

ይህንን እራት ላይ ስትነግረን ከሳቋ ብዛት የኪምቺው ወጥ በአፍንጫዋ ሊወጣ ደረሰ። እኔ አልሳቅኩም።

«አንቺ ልጅ፣ ይሄ እኮ ስድብ ነው።»

«ስድብ ነው፣ እማማ» አለች ዓይኗን እየጠረገች፣ «ስድቡ ግን ተማሪ አለው።»

ከዚያ በኋላ ቤታችን ገዳም ሆነ። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ሲል ውሻው ወደ ውጭ፣ ጆንግዱ ወደ ጀልባው፣ እኔ ወደ ቴሌቪዥኑ፤ ግን ድምፁ ተዘግቶ። ድራማ ያለ ድምፅ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ማን ማንን እንደከዳ ሳላውቅ አንድ ክረምት አለፈ። እሷ ከኋላዬ ብርድ ልብስ ተከናንባ ከሥር በሚሞቀው ወለላችን ላይ ተቀምጣ «ሄሎ!» ስትል ግን ፊቷ ያበራል። ተማሪዎቿን በድምፅ ብቻ ታውቃቸዋለች። ሚንጄ ሁልጊዜ ኑድል እንደምትበላ፣ ዳሃን ውሸት ሲናገር እንደሚያስነጥሰው፣ የሱዋ እናት ከልጇ ጀርባ ሆና መልሱን በሹክሹክታ እንደምትነግራት፣ ሁሉንም እየመጣች ለእኔ ታወራልኛለች። ከማታውቀው ልጅ ጋር እንዲህ ፍቅር ይዟት!

ከተማሪዎቹ መካከል አንድ ሽማግሌ አሉ፣ ካፒቴን ኦክ። ወደ ደሴቶቹ የሚሄደውን መርከብ ሲነዱ ያረጁ፣ ሚስታቸው የሞተችባቸው ሰው ናቸው። ካናዳ የተወለደችው የልጅ ልጃቸው የእኛን ቋንቋ ስለማታውቅ፣ ሳልሞት አንድ ጊዜ ላጫውታት ብለው ነው በዚህ ዕድሜያቸው እንግሊዝኛ የጀመሩት። ሮዌና አትራራላቸውም። ሲሳሳቱ «ካፒቴን! እንደገና!» ብላ ትጮህባቸዋለች፤ እሳቸውም «እሺ ቲቸር፣ እሺ» ይላሉ። አንድ ማታ ካናዳ ደውለው ልጅቷ ሲያወሯት ከት ብላ ስቃላቸው ኖሮ፣ ለቲቸር ግሬስ አንድ ትልቅ ካርቶን ደረቅ ትንንሽ ዓሣ ማዕከሉ ድረስ አመጡ። ካርቶኑ እኛ ዘንድ ሲደርስ ግማሽ ነበር። ሌላው ግማሽ የት እንደሄደ የዳይሬክተር ሜንግ ሆድ ያውቃል።

የቲቸር ግሬስ ዝና ወጣ። ከተማው ጫፍ አፓርታማዎቹ ውስጥ ያሉ እናቶች ሌላ ወሬ የላቸውም። «አነጋገሯ! ትዕግስቷ! በእርግጥ የእንግሊዝ መኳንንት ዘር ሳትሆን አትቀርም!» በመጨረሻም የእናቶቹ አለቃ ወይዘሮ ቼ፣ «ክፍት ትምህርት ይዘጋጅና ቲቸሯን በዓይናችን እንያት፤ አለዚያ ልጆቻችንን እናስወጣለን» አለች።

ዳይሬክተሩ አንድ ካርቶን የቫይታሚን መጠጥ በሁለት እጁ ይዞ ቤቴ መጥቶ ተንበረከከ። ሰው መጠጥ በካርቶን ይዞ ከተንበረከከ ጉድ አለ ማለት ነው።

«እማማ፣ ለእንግዶቹ የኦይስተር ጥብስ ያዘጋጁልኝ። ሮዌናም ከኋላ ሆና ታግዝዎታለች። ፊት ለፊት ደግሞ… የመርከብ ፋብሪካው መሐንዲስ ሚስት፣ ቡልጋሪያዊቷ ራድካ… ጉንፋን ይዟት ድምጿ ተዘግቷል ብለን… ለአንድ ምሽት ብቻ ትቆማለች።»

«ምን አልክ አንተ?» ብዬ የሩዙን ጭልፋ አነሳሁ። ሮዌና ግን ቀድማኝ በሳቅ ፈረሰች።

«እማማ፣ እንሂድ! እንሂድ እባክዎ! ራሴን ወርቃማ ፀጉር ይዤ ማየት አለብኝ!» አለችኝ። ዳይሬክተሩ ከወጣ በኋላ ግን ቀስ ብላ፣ «ልጆቹን አያቸዋለሁ» አለች። ከዚያ በኋላ እንዴት እምቢ ልበል?

ራድካን አውቃታለሁ፣ ሁልጊዜ ኦይስተር ከእኔ ነው የምትገዛው። ደግ ሴት ናት፤ የነገሯትም ለእንግዶች ግብዣ ነው ብለው ነበር። በዕለቱ አንገቷን በሻርፕ ጠቅልለውላት የማዕከሉ ኩሽና መጥታ፣ «እማማ፣ እኔ ዛሬ መቆም፣ መሳቅ፣ መብላት። ጥሩ ሥራ!» አለችኝ። ምን እንደምላት ጠፋኝና አንድ ትኩስ ጥብስ አጎረስኳት።

ኩሽናውን ከአዳራሹ የሚለየው አንድ መጋረጃ ነው። ሮዌና እጇን ክንዷ ድረስ ኦይስተሩ ተነክሮ የሚጠበስበት ሊጥ ውስጥ ከትታ በቀዳዳው ታያለች። ዳይሬክተሩ ራድካን እያቀረበ፣ «ድምጿ ቢዘጋም ልቧ ግን ይናገራል» ሲል ትከሻዋ በሳቅ ይርገፈገፋል። እናቶቹ «ውይ ስታምር!» ይላሉ። ካፒቴን ኦክ የድሮ ነጭ ዩኒፎርማቸውን ለብሰው፣ ኮፍያቸውን ደፍተው፣ የደረቅ ዓሣ ካርቶናቸውን አቅፈው ቀረቡና ያጠኑትን በእንግሊዝኛ ተናገሩ። በመሐል አንዱን ቃል አበላሹት። እኔ እንኳን ሮዌና ስታርማቸው ብዙ ጊዜ ሰምቼ ስለነበር አወቅኩት።

ራድካ ራሷን ነቅንቃ ፈገግ አለች።

«አልተቆጣችኝም» አሉ ካፒቴኑ ወደ ሰው ዞረው። «ተሳስቼ እኮ ነው። ለምን አልተቆጣችኝም?»

«ክቡር ካፒቴን፣ ጉንፋኑ ነው…» አለ ዳይሬክተሩ።

«በጉንፋን ሰው ዓይኑ አይቆጣም?»

በዚህ መሐል አንድ ሰዓት ሞላ። የካፒቴኑ ሰዓት ነው። የስልክ ትምህርቱ ደግሞ ሕግ አለው፤ ቲቸሯ በሰዓቷ ካልደወለች ተማሪው ይደውላል። መርከብ በሰዓቱ ሲያስነሱ የኖሩ ሰው ይህንን ሕግ ቲቸሯ ፊታቸው ቆማ እንኳ ቢሆን አይዘሉትም። ትልልቅ ቁጥር ያለውን ስልካቸውን አወጡና ደወሉ።

የሮዌና ሽርጥ ኪስ ውስጥ ስልኩ ጮኸ። ጆንግዱ ለቀልድ ብሎ የሠርግ ቤት ዘፈን ነበር የጫነላት፤ እዚያ ጸጥታ ውስጥ እምቢልታ የተነፋ ነው የመሰለው። ዳይሬክተሩ በመጋረጃው ጠርዝ አንገቱን አስግጎ እጁን ያርገበግባል፤ ዝጉት፣ ዝጉት፣ በእናታችሁ! ሮዌና እጆቿ በሊጥ ተይዘው እኔን አየችኝ። እየሳቀች አልነበረም። 

ስልኩን ከኪሷ አወጣሁ፣ ከፈትኩትና ጆሮዋ ላይ ለጠፍኩላት።

 እሷም እንደ ሁልጊዜዋ፣ ቤት በሚሞላ ድምፅ፣ «ደህና አመሹ ካፒቴን! አሁን ያሉትን ሰምቻለሁ። ተሳስተዋል። እንደገና!» አለች።

ካፒቴኑ በአንድ ጆሯቸው ከስልኩ፣ በሌላው ከመጋረጃው ጀርባ ሰሟት። መጥተው መጋረጃውን ገለጡት። እዚያ ምራቴ፣ በላስቲክ ሽርጥና በቦቲ፣ ክንዷ ድረስ ነጭ ሆና፤ አጠገቧ እኔ፣ ስልክ እንደ ጡጦ ይዤ።

«እሺ ቲቸር» አሉና ኮፍያቸውን አውልቀው እስከ ጉልበታቸው ዝቅ ብለው እጅ ነሷት።

አዳራሹ ተንጫጫ። ወይዘሮ ቼ ብድግ አለች። «ይቺ እኮ ኦይስተር የምትፈለፍለዋ ናት! እኔ የከፈልኩት ለፈረንጅ ነው!»

«ፈረንጇ እዚህ ናት፤ ከፈለጉ ኦይስተር ትጠብስልዎታለች!» አልኳት። እውነትም ራድካ ነገሩ የገባት ያኔ ነው። ፊቷ ቀላ፣ ሻርፑን ከአንገቷ ፈትታ ዳይሬክተሩ ላይ ወረወረችና ወደ ኩሽና ገብታ የሊጡን ሳህን ከሮዌና ተቀበለች። «አንቺ ሂጂ። እኔ መጥበስ» አለቻት።

ሮዌና እጇን ታጥባ ወጣች። መድረኩ ላይ ደርሳ ለሰው ጀርባዋን ሰጠች፣ ፊቷን ወደ ሰሌዳው አዞረች። «ተራ በተራ ዛሬ የበላችሁትን ንገሩኝ» አለች በእንግሊዝኛ።

አንዲት ቀጭን ድምፅ፣ «ኑድል በላሁ» አለች።

«ሚንጄ! ዛሬም ኑድል?»

ልጆቹ ጮኹ። ሌላው ቀጠለ፤ «እኔ ሰላጣ በላሁ… ሃፕ-ቺ!»

«ዳሃን፣ ስንት ጥብስ በላህ? እውነቱን!»

አሁን ልጆቹ ወንበር ላይ ወጥተው እጃቸውን እያወጡ «እኔን! እኔን!» ይላሉ። አንድም አልሳተችም። አንዷን እናት ደስታው ይዟት ኖሮ ድምጿን አቅጥና፣ «እኔ ደግሞ ዳቦ…» ስትል ሮዌና ሳትዞር፣ «እርስዎ የሱዋ እናት ነዎት። ዛሬ ደግሞ መልሱን ማን በሹክሹክታ ነገረዎ?» አለቻት። ኧረ ሳቁ! ሴትዮዋ ራሷ መሬት ላይ ቁጢጥ ብላ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ወይዘሮ ቼና ሌሎች ጥቂቶች ልጆቻቸውን እየጎተቱ ወጡ፤ የወይዘሮ ቼ ልጅ ግን በሩ ላይ ሆኖ «ባይ ቲቸር!» ማለቱን አልተወም።

በመጨረሻ ስትዞር ፊቷ በእንባ ታጥቦ ነበር። ልጆቹን አንድ በአንድ እያየች፣ «እንደዚህ ነው እንዴ የምትመስሉት?» አለቻቸው።

በማግስቱ ዳይሬክተሩ ጠራት። ብዙ እናቶች ክፍል ውስጥ እንድታስተምር ጠይቀዋል፤ እሱም ይስማማል፣ ስሟ ግን ግሬስ ይሁን፣ በፎቁ ላይ ከሚሰቀሉት የመምህራን ፎቶዎች መሐልም የእሷ ለጊዜው ይቅር። እሷም «ወይ ሮዌና ከነፊቷ፣ ወይ ምንም» አለችው። ይህን ሁሉ ቤት መጥታ ነው የነገረችኝ። «ላስብበትና ሰኞ እነግርሻለሁ» ብሏት ወጣች።

እኔ ግን ከዚህ ሁሉ «ክፍል ውስጥ እንድታስተምር» የሚለውን ይዤ ወደ ሼዱ በረርኩ። ሌላውን መች ሰማሁት! «ምራቴ ቲቸር ሆነች!» ስል ቢላዋው ሁሉ ቆመ። እልልታው፣ ጭፈራው፣ የላስቲክ ቦቲው ሲረገጥ! ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና ሁሉም ከኪሱ አዋጣ። «ፎቶ አላት?» አሉኝ። ያንኑ የሥራ ማመልከቻ ፎቶ ከቦርሳዬ አወጣሁ።

ሰኞ ጠዋት ሮዌና መልሷን ልትሰማ ስትወጣ ተከተልኳት። መንደሩ መግቢያ ላይ ስትደርስ ቀና አለች። ከምሰሶ ምሰሶ፣ መንገዱን ሙሉ፣ በዚያ ሰማያዊ ኮት፣ ጥርሷን ሁሉ አሳይታ እየሳቀች ያለችው ራሷ ናት። «እንኳን ደስ አለን! የኦይስተር ሼዳችን ምራት ሮዌና የሎንደን ኮከብ ቲቸር ሆነች!»

«እማማ!» አለች አፏን ይዛ። «ገና እሺ አላለም እኮ!»

«ምን?»

«እሺ አላለም! ዛሬ ነው የሚነግረኝ!»

 ላስወርደው መሰላል ስፈልግ የዳይሬክተሩ መኪና መጣች፤ ከዚህ መንገድ ሌላ መንገድ የለውማ። ባነሩን ሲያይ ፍሬን ያዘ። ወርዶ አንጋጦ ቆመ። እኔ በሆዴ የማውቃቸውን ጸሎቶች ሁሉ ጨረስኩ። እሱ አፉን ሳይከፍት ግን የሼዱ ሴቶች ከበቡት። «እንኳን ደስ ያለዎት! አንጀታችንን አራሱት! እንደ እርስዎ ዓይነት ሰው የት ይገኛል!» አንዷ እጁን ትጨብጣለች፣ ሌላዋ ትኩስ ኦይስተር በባልዲ ታሸክመዋለች። የአፓርታማዎቹ እናቶች በመኪና ሲያልፉ መስኮት እያወረዱ ጡሩምባ ይነፋሉ። ካፒቴን ኦክ ኮፍያቸውን አውልቀው ፊቱ ቆሙና ያን የመሰለ ሽማግሌ ወገባቸው እስኪሰበር ዝቅ አሉለት።

እንዲህ ለሰገደልህ ሽማግሌ ቆመህ አትቀርም። ዳይሬክተር ሜንግ ባነሩን አየ፣ ሴቶቹን አየ፣ ከሁሉም በታች ዝቅ ብሎ እጅ ነሳ። ቀና ሲል ላቡን ጠረገና ወደ ምራቴ ዞረ።

«ክፍልሽ ሁለተኛ ፎቅ ነው፣ ሮዌና ቲቸር» አለ።

ሮዌና ሳቀች፤ ውሾቹ ሁሉ ከያሉበት ጮኹ።

ባነሩ እስካሁን እዚያው ነው፣ ማንም እንዲያወርደው አልፈቀድኩም። ጥግ ጥጉ ላይ ያለው መስመር ከኮቱ ትከሻ እስከ ጉንጯ ድረስ ይታያል፤ ሰው የአታሚው ስህተት ይመስለዋል። እሱ ዳይሬክተሩ ፎቶውን ያጠፈበት ቦታ ነው፤ ተዘርግቶ ትልቅ ሆኗል። ከስሩ ሳልፍ አንገቴን ቀና አድርጌ ነው።